የናስካርን ቅዳሜና እሁድ ከጋራዡ ውስጥ ማየት፦ ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ሰው

አሜሪካ፣ ቻርሎት ከተማ እህት ወይም ወንድም ካላችሁና ቪዛው ከተሳካ፣ ጉዞውን ግንቦት ላይ አድርጉት። ለሠርግ ይሁን፣ ለምርቃት ይሁን፣ አራስ ለመጠየቅ ይሁን፣ ብቻ ግንቦት ላይ ይዋል። በዚያ ሰሞን ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው ኮንኮርድ ናስካር የሚባለው የአሜሪካኖች የመኪና እሽቅድምድም ረጅሙ ውድድር ይካሄዳል፤ ኮካ ኮላ 600። ቁጥሩ ማይል ነው። በኪሎ ሜትር 965 ገደማ፣ በዙር 400።

ይሄን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ሆናችሁ ሌሊት በስልክ ለምታዩት ነው። ብዙ አይደለንም። ያለነውም አብዛኞቻችን እጃችን ግሪስ የነካ ነው፤ መካኒክ፣ ጎሚስታ፣ ሹፌር፣ መለዋወጫ ሻጭ። ስለዚህ ናስካር ምንድን ነው እያልኩ አላደክማችሁም።

አቋሜን ልንገራችሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ውድድሩን ብቻ አይቶ መመለስ ያን ያህል አያዋጣም። ውድድሩማ በቲቪ ይሻላል፣ እውነቴን ነው፤ ካሜራው ከእናንተ ዓይን የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው። ቲቪ የማያሳያችሁ ሥራውን ነው። ጎማውን የሚፍቀው ሰውዬ፣ ኮፈኑ ሥር ጭንቅላቱን ቀብሮ የሚውለው፣ በፍተሻ ወረፋ ላይ መኪናውን በእጁ የሚገፋው ልጅ። ለእኛ ሰፈር ሰው ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ስለ ቀኑ

ውድድሩ የሚውለው አሜሪካኖች የጦር ሰማዕታቶቻቸውን በሚያስቡበት ሰኞ ዋዜማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 16 እስከ 22 ባለው ጊዜ ውስጥ የምትውለዋ እሁድ ማለት ነው። ለጾመኛ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ፤ ይሄ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚገባ ዓርብም ቢሆን ጾም የለም። ትራክ ላይ የሚሸጠው ምግብ ሥጋ በሥጋ ነው፣ ሆት ዶግና የተጠበሰ አሳማ። አሳማውን ባትፈልጉ እንኳ በርገር አይጠፋም። የካቲት ላይ ለሌላኛው ትልቅ ውድድር ዳይቶና የሚሄድ ሰው ግን ዐቢይ ጾም ሊያገኘው ይችላል፤ ያን ጊዜ ድንች ጥብስ ብቻ እየበሉ መዋል ነው።

ልብስ ላይ ደግሞ የደብረ ብርሃንን ሐሳብ ከጭንቅላታችሁ አውጡ። ቻርሎት ከባሕር ወለል በላይ 230 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እኛ 2,800 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው። ግንቦት ላይ ይሞቃል፣ ያልባል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይመጣል። የሸዋ ሮቢት ልብስ ያዙ። ለምሽቱ አንዲት ስስ ጃኬት ትበቃለች።

መግቢያው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተራው ትኬት ወንበር እንጂ ጋራዥ አይደለም። ጋራዥ የሚያስገባው ሌላ ወረቀት ነው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል። ሁለት ዓይነት አለ። ኮልድ ፓስ የሚባለው መኪኖቹ በማይንቀሳቀሱበት ሰዓት ያስገባል። ሆት ፓስ የሚባለው ደግሞ ሥራው በተጧጧፈበት ሰዓት ጭምር። እነዚህ በብዛት የሚገኙት በቡድን፣ በስፖንሰር ወይም ትራኩ በሚሸጠው ልዩ ጥቅል ነው። ካልተሳካ ከውድድሩ በፊት ፒቱን ለማየት የሚያስገባውን ጠይቁ፤ እሱ ቀለል ይላል። ፒት ማለት ጎማ የሚቀየርበትና ነዳጅ የሚሞላበት መስመር ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ዋጋ አልጽፍም፣ በየዓመቱ ይቀያየራል። ግን ቻርሎት ያለው ዘመዳችሁ በጊዜ ይጠይቅላችሁ። መሥሪያ ቤቱ የአንዱ መኪና ስፖንሰር የሆነ ጓደኛም ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ አካባቢ ይሄ ብርቅ አይደለም።

ሆት ፓስ የያዘ ሰው ረጅም ሱሪ፣ እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ ያስፈልገዋል። በሰንደልና በቁምጣ በሩ ላይ ይመልሷችኋል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነም የዕድሜ ገደቡን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዓርብ፦ ትራኩን ተዉትና ወርክሾፖቹን ዙሩ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የናስካር ቡድኖች አብዛኞቹ ቤታቸው ቻርሎት ዙሪያ ነው። ሄንድሪክ ኮንኮርድ ውስጥ ከትራኩ አጠገብ፣ ጆ ጊብስ ሃንተርስቪል፣ ፔንስኪ ሙርስቪል። ብዙዎቹ ለጎብኚ የሚሆን አዳራሽና የዕቃ መሸጫ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ጋ በመስታወት አሻግራችሁ ሥራውን ታያላችሁ። የመጀመሪያው ድንጋጤ ወለሉ ነው። የዘይት ጠብታ የለም! ጫማ አውልቁ የሚሉ ነው የሚመስለው። ለእኛ ጋራዥ ልጆች ትንሽ ያናድዳል።

ከሰዓት በኋላ መሐል ቻርሎት ወዳለው የናስካር የዝና አዳራሽ ሂዱ። በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ስትገቡ መኪኖቹ እንደ ትራክ ጥምዝ በተጋደመ መንገድ ላይ ተደርድረዋል፤ እየወጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር መጋደሙ እየባሰ ይሄዳል። ፎቶ እዚያ አንሱ። ከዚያ ግን ሁለት ሰዎችን ፈልጉ።

አንዱ ጁኒየር ጆንሰን ነው። ይሄ ስፖርት የተነሳው ከተራራ ሥር አረቄ ጭነው ከፖሊስ ከሚያመልጡ ሹፌሮች ነው፤ መኪናው ከውጭ ተራ፣ ከውስጥ ሞተሩ የተጠናከረ። ጆንሰን ከነሱ አንዱ ነበር። በ1956 የአባቱ አረቄ ማውጫ ጋ ተይዞ ታስሯል፣ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት አደረጉለት። በሙዚየሙ ያለውን የአረቄ ማውጫ ዕቃ የሠራው ራሱ ነው። ቧንቧውን አይታችሁ አንኮበር ወይ መንዝ ያለችው አክስታችሁ ትዝ ብትላችሁ አልፈርድም።

ሌላው ዌንዴል ስኮት። በ1963 ጃክሰንቪል ላይ አሸነፈ፤ በናስካር ከፍተኛው ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ነው። በዕለቱ ዋንጫው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ የዙር ቆጠራ ስህተት ነው ተብሎ የተስተካከለው ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ነው። ስኮት ሹፌርም መካኒክም ራሱ ነበር፤ ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥመው በገዛ እጁ፣ ልጆቹ እያገዙት። ሁለተኛ ጥቁር አሸናፊ እስኪመጣ ድረስ 2021 ደረሰ፤ ቡባ ዋላስ፣ ታላዴጋ ላይ፣ በቶዮታ። የመኪናው ባለቤት ከሆኑት አንዱ ማይክል ጆርዳን ነው፣ አዎ የቅርጫት ኳሱ።

ቅዳሜ፦ ዋናው ቀን

ጋራዡ ያለው ትራኩ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ ነው። የምትገቡት ከትራኩ ሥር በሚያልፍ ዋሻ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ያለፈ ሰው አይደነግጥም።

በጠዋት ድረሱ። መጀመሪያ የምታዩት ተሰልፈው የቆሙትን ረጃጅም ተሳቢዎች ነው። ተሳቢው ሁለት ፎቅ ነው፤ ላይኛው መኪና የሚቆምበት፣ ታችኛው መሣሪያ፣ የሥራ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሹፌሩና አለቆቹ የሚመካከሩባት ትንሽ ክፍል። ከዋናው መኪና በተጨማሪ መጠባበቂያ መኪና አለ። መጠባበቂያው ለምን እንደሚያስፈልግ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ጋራዥ ውስጥ አንድ ትልቅ ሕግ አለ፦ መኪና ለማንም አይቆምም። ሞተር ሲነሳ ከሰማችሁ ግራ ቀኝ እዩ፣ ግድግዳ ተጠጉ። ጎማ ላይ አትቀመጡ፣ መሣሪያ አትንኩ፣ በር ላይ አትቁሙ። ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ሰው እየሠራ ሳለ መጠየቅ ግን ነውር ነው። መካኒኩ ቀና ብሎ እጁን ሲጠርግ ያን ጊዜ ቅረቡ። “እኔም መካኒክ ነኝ፣ ከኢትዮጵያ” በሉት። ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። ደጋፊ በየሳምንቱ ያያል፤ ስለ ባልቦላ የሚጠይቀው ግን ስንቱ ነው?

መኪናውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በር የለውም፣ ሹፌሩ የሚገባው በመስኮት ነው። የፊት መብራቱ ተለጣፊ ነው። ካምሪ፣ ሙስታንግ፣ ካማሮ ይባላሉ እንጂ ከመሸጫው መኪና ጋር የሚጋሩት ስምና መልክ ነው። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር፣ ወደ 5.9 ሊትር የሚጠጋ፣ ባልቦላውን በዘንግ የሚገፋ የድሮ አሠራር። እንደ ቻርሎት ባለ ትራክ 670 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ካርቡራቶር እስከ 2011 ድረስ ነበረው፤ በ2012 ነው ወደ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን የገባው። ይሄን ለጎረቤት ጋራዥ ሰው ስነግረው “እኛ ቀደምናቸው በለኛ” ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ፍጥነት የሚያሳይ ጌጅ ደግሞ የለውም። ፒት ውስጥ የፍጥነት ገደብ አለ፣ ሹፌሩ ግን የሚጠብቀው በሞተሩ ዙር ብቻ ነው። ካለፈ ቅጣት አለ።

በ2022 የመጣው አዲሱ መኪና ቸርኬው የሚታሰረው በአንድ ዳዶ ነው፤ ድሮ አምስት ነበር። ብዙ የድሮ ደጋፊ ይሄን አይወደውም። ለእኔም አምስቱ ይሻል ነበር፣ የፈቺው ችሎታ የሚለየው እዚያ ላይ ነበርና። ግን ማን ሰማኝ።

ጎማው ጋ ረዘም ላለ ጊዜ ቁሙ። መኪናው ከልምምድ ሲመለስ አንዱ መርፌ የመሰለ ቴርሞሜትር ይዞ ይመጣና ጎማውን ሦስት ቦታ ይወጋዋል፤ ከውስጥ በኩል፣ ከመሐል፣ ከውጭ። ውስጡ በጣም ከሞቀ የጎማው አቋቋም ተጋድሟል ማለት ነው፣ መሐሉ ከሞቀ ንፋሱ በዝቷል። ንፋስ ስል እንኳ የሚሞሉት ናይትሮጅን ነው። ሌላው ደግሞ በጋዝ እሳት የጎማውን ፊት እያለሰለሰ በስለት ይፍቀዋል። ትራኩ ላይ የተለጠፈበትን ጎማ አንስቶ ምን ያህል እንደተበላ ሊለካ ነው። ጎሚስታ የሆናችሁ እዚህ ጋ ሰዓታችሁን ትጨርሳላችሁ። ጎማው በሙሉ ጉድይር ነው፣ ጥርስ የለውም፣ ቡድኑም የራሱ አያደርገውም፤ ሲጨርስ ይመልሳል።

ቀጥሎ ፍተሻ። መኪናው በእጅ እየተገፋ ድንኳን መሰል ቤት ይገባል። ድሮ በላሜራ ቅርጽ ነበር አካሉን የሚለኩት፣ ከ2018 ወዲህ ካሜራና ፕሮጀክተር ነው። መብራት ያበሩበታል፣ የአካሉን ቅርጽ ኮምፒዩተር ያነባል፣ ከሚፈቀደው ትንሽ ካለፈ ተመለስ ይባላል። ደጋግሞ የወደቀ ከኋላ ይነሳል ወይም የፒት ቦታ መምረጡን ያጣል፣ ሠራተኛም ሊባረርበት ይችላል። የሠራተኞቹን ፊት እዩ። ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ሁላ።

አሁን የመጠባበቂያው መኪና ነገር። በ2025 ሮስ ቻስቴይን የሚባለው ሹፌር ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጎማው ከድቶት ግድግዳ መታ። መኪናው አለቀለት። የቡድኑ የትራክሃውስ ልጆች በሌሊት ሌላ መኪና አዘጋጁ፤ ወርክሾፓቸው እዚያው ኮንኮርድ ስለሆነ አመቻቸው። እሁድ ከ40ኛ፣ ከመጨረሻ ተነሳ። ዊልያም ባይረን 283 ዙር መርቶ ነበር፤ ቻስቴይን ስድስት ዙር ገደማ ሲቀር አለፈው፣ አሸነፈም። ሰውየው ሐብሐብ ከሚያመርት ቤተሰብ ነው፤ እንደ ልማዱ ሐብሐብ አንስቶ ትራኩ ላይ ከሰከሰው። ቲቪው ያሳየው ሐብሐቡን ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌሊቱ ነው። በአንድ ሌሊት ሌላ መኪና አዘጋጅቶ 965 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ማድረግ። የሌሊት ሥራ የለመደ መካኒክ ይሄን ያውቃል።

ስለ ፊርማ አጭር ነገር ልበል። ወፍራም እስክሪብቶ ክዳኑን ከፍታችሁ ያዙ። ሹፌሩ ከተሳቢው ወደ መኪናው ሲሄድ ጠይቁ፣ እየሄደ ይፈርማል፣ አታስቁሙት። የራስ ቁር ካደረገ ተዉት።

እሁድ

ውድድሩ የሚጀምረው እዚያ ከምሽቱ 12 አካባቢ (በነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት) ነው፤ የሚያልቀው ለእኩለ ሌሊት ሲቃረብ። እናንተ ግን እኩለ ቀን ላይ እዚያ ሁኑ፣ መንገዱ ይዘጋል። ትራኩ ለስላሳ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ያስገባል፣ በየጎኑ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዘንድሮውን ሕግ ዘመዳችሁ ያጣራ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ያዙ። ውሃ በብዛት። ጠርሙስ አይገባም።

ጆሮ መሸፈኛ ግዴታ ነው፣ ለልጅ እጥፍ ግዴታ። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ከሁሉ የሚሻለው እዚያው የሚከራየው ስካነር ነው፣ ትንሽ ሬዲዮ ከነጆሮ ማዳመጫው። ጆሮም ይሸፍናል፣ የቡድኖቹን ንግግርም ያሰማል። ሹፌሩ ግራ ቀኙን ማየት አይችልም፤ ጭንቅላቱ ታስሯል፣ መስኮቱ መረብ ነው። ስለዚህ ከትራኩ ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው፣ ስፖተር የሚሉት፣ “ከውጭ አለ፣ አሁንም አለ፣ ክሊር” እያለ ሙሉ ውድድሩን ይመራዋል። የሚኒባስ ረዳታችን “ሀገር ነው!” እንደሚለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ይሄኛው በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር እየተሮጠ መሆኑ ነው። አንድ ሹፌር ምረጡና የሱን መስመር ብቻ አዳምጡ። ከመኪና መኪና ከዘለላችሁ ምንም አይገባችሁም።

ከመጀመሩ በፊት ፒት ላይ መቆም ከቻላችሁ ጸሎቱን ትሰማላችሁ። አዎ፣ ጸሎት አለ። ቄሱ ይጸልያል፣ ሁሉም ኮፍያውን ያወልቃል፣ ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ ሞተር አስነሱ ይባላል። በዚህ ውድድር ደግሞ በየመኪናው የፊት መስታወት ላይ በጦርነት የወደቀ ወታደር ስም ተጽፏል፤ መሐል ላይም መኪኖቹ ፒት ገብተው ሞተር አጥፍተው ለአፍታ ዝም ይባላል። ያን ጊዜ ስልክ አታውሩ።

ወንበር ስትመርጡ ፒቱን ፊት ለፊት የሚያሳየውን፣ ከፍ ያለውን ያዙ። ታች ያለው ይረክሳል ግን ከአጥሩ ሌላ የሚታይ የለም፣ የጎማ ፍርፋሪም ይበርባችኋል። ከዚያ አንድ ፒት ላይ ዓይናችሁን ትከሉ። ግድግዳውን ዘለው የሚወጡት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ጎማ ፈቺ፣ አንድ ተሸካሚ፣ አንድ ክሪክ ያዥ፣ አንድ ነዳጅ ሞይ። አራት ጎማና ነዳጅ በ10 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ነዳጁ ፓምፕ የለውም፣ ሲሞላ 40 ኪሎ ገደማ ከሚመዝን ጀሪካን በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ክሪክ ያዡን እዩት፤ መኪናው የሚሄደው እሱ ክሪኩን ሲጥል ነው። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካን እግር ኳስ የተጫወቱ ናቸው፣ መካኒክ አይደሉም። መካኒኮቹ ከግድግዳው ወዲህ ቆመው ያያሉ።

ዝናብ ከመጣ እንዲህ ባለ ትልቅ ሞላላ ትራክ ላይ አይሮጡም። ይቆማል፣ ይደርቃል፣ ይቀጥላል፤ ወይም ሰኞ ይሆናል። በ2024 ከ249 ዙር በኋላ ቀርቶ ክሪስቶፈር ቤል አሸናፊ ተብሏል። ትኬታችሁን አትጣሉ፣ የመመለሻ በረራችሁንም ሰኞ አታድርጉ።

ሲያልቅ አትሩጡ። ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ፓስ ያላችሁ ወደ ጋራዡ ተመለሱ፤ አሸናፊው መኪና እንደገና ሲፈተሽ፣ ተሳቢዎቹ ሲጫኑ ያን ጊዜ ነው የሚታየው፣ ማንም አይገፋችሁም፣ ሠራተኞቹም ወሬ ይወዳሉ።

ለማትሄዱት

ቪዛው እምቢ ካለም ብዙ የሚቀር የለም። ይሄ ውድድር በእኛ ሰዓት ሰኞ ከሌሊቱ 7 አካባቢ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው የፋብሪካችንን ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ያዘጋጅ። በእኛ ክረምት የሚውሉት ሌሎቹ ውድድሮች አብዛኞቹ እሁድ ምሽት 4 ሰዓት ገደማ ስለሆኑ ለሥራ ሰው ይመቻሉ። በቀጥታ ማየት ካልቻላችሁ ናስካር ራሱ ዩቲዩብ ላይ አጠር አድርጎ ይለቀዋል፤ ጠዋት ኔት ሲፈጥን አውርዱት። የቡድን ሬዲዮ ድምፅ ያለበትን ቪዲዮ ግን አስቀድሙ። ብስጭት ሲበዛበት ስድብ አለው፣ ልጆች ባሉበት በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።